የሁለት ቁጥር ቃለ ጉባኤ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ከረመ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን እየረገመች ደረጃውን ትወጣለች፤ ከወጣች በኋላ ምን ልታመጣ እንደወጣች ይጠፋባታል። ይህን ደህንነት ካሉት ደህና ነን። ያሉበት አገር ብርዱም ሰዉም ይራራልዎ።

ያልደወልኩት እርስዎ «ስልክ የሚያስቀረው የተባለውን ሳይሆን ሰው መስማት የፈለገውን ነው፤ ጉዳይ ያለው ይጻፍ» ስለሚሉ ነው። ጉዳይ አለኝ።

መሥሪያ ቤታችን ሁለት ቁጥርን ሊሞላው ነው። ስሙን ስጽፍ እጄ ቆም አለ፤ የእርስዎም ዓይን እዚህች ጋ እንደሚቆም አውቃለሁ። ያ የውሃ ማጠራቀሚያ በሙሌቱ ቀን ማዕዘኑ ተደርምሶ አባቴን ከገደለው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ግድግዳውን መልሰው ገነቡት፣ ቀለም ቀቡት፣ ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ ሳይገባበት ኮረብታው ላይ እንደተኮፈሰ ኖረ። አሁን ከተማው ሰፋ፣ ቧንቧው ደረቀ፣ «ባዶውን ከሚቀመጥ ይሙላ» ተባለ።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ እኔ ነኝ። ጎበዝ ሆኜ እንዳይመስልዎ። ከእኔ የሚበልጡ ሦስት መሐንዲሶች አሉ፤ ወሬው በተሰማ ሳምንት አንዱ ወገቡን፣ አንዱ አማቱን፣ አንዱ ያልወሰደውን የዓመት ፈቃድ አስታወሰ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የማደራጃ ስብሰባ መጥራት ነው፦ ማን ምን ይሠራል፣ በስንት ቀን፣ በምን ቅደም ተከተል። ከዚያ ስብሰባ የምፈልገው አንድ ውሳኔ ነው። ውሃው በአንድ ቀን እንዳይለቀቅ። ሩቡ ተሞልቶ ሦስት ቀን ይጠበቅ፣ ግድግዳው ይታይ፤ ደግሞ ሌላ ሩብ፣ ደግሞ ሦስት ቀን። እስኪያልቅ ድረስ ከግድግዳው ሥር ያሉት ሰባት ቤቶች ለጊዜው ይነሡ። ከሰባቱ አንዱ የእኛ ነው። እማዬ አሁንም እዚያው ናት። ገና አልነገርኳትም።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። ግድግዳውን እፈራለሁ፣ ከግድግዳው ይልቅ ደግሞ ሰዎቹን። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። እርስዎ እዚሁ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የስብሰባ ጸሐፊ ነበሩ። ስብሰባ እንዴት ይታቀዳል? ሰው ቁጭ ብሎ፣ የሆነ ነገር ወስኖ የሚነሣበት ዓይነት ስብሰባ ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም፤ እርስዎ ሳያዩ አይቀሩም።

ቀኑ ታኅሣሥ 25 ነው። ጊዜ ያለ ይመስላል፤ ፖስታችንን ስለማውቀው ነው ቀድሜ የጻፍኩት።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 18

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለወይዘሮ ለምን፣

በአምስት ዓመትሽ ያወጣሁልሽን ስም መሐንዲስ ስለሆንሽ አልቀይረውም። እጅሽ የነካው ይጽና፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ የሚያዳምጥሽ ሰው አይጣብሽ። እኔ ደህና ነኝ። ስለ ሥራዬ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ቢሮ ነው» ስልሽ ኖሬያለሁ። ቢሮ ነው፣ የሌላ ሰው። ለስብሰባ በሰዓት የሚከራይ ሕንጻ ውስጥ ወንበር እደረድራለሁ። ጠዋት ክብ፣ ከሰዓት ረድፍ፤ ገንዘብ ያላቸው ሲመጡ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ። የሰውን አፍ ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ ያልገባኝ ነገር ወንበር ስሸከም ገባኝ።

እንግዲህ ስሚ። ሰው አታብዢ። ከአሥራ ሁለት ካለፈ ሠርግ ነው። የሚወስን ጥሪ፣ የሚሠራ ጥሪ፣ የሚያውቅ ጥሪ። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሳይጠራ የሚቀረው ደግሞ ሁልጊዜ የሚያውቀው ነው።

አጀንዳውን ከሦስት ቀን በፊት በትኚ። «ስለ ሙሌት» ብለሽ አትጻፊ፤ በ«ስለ» የተጀመረ ነገር መጨረሻው አይታወቅም። ጥያቄ አድርጊው፦ ውሃው በአንድ ቀን ይለቀቅ ወይስ ሩብ በሩብ? ሰው ጥያቄ ሲያይ መመለስ ያምረዋል።

እምቢ ይለኛል የምትይውን ቀድመሽ ለብቻው አግኚው። ለብቻው ያለ ሰው ጆሮ አለው፣ በጉባኤ ፊት ግን ክብር ብቻ ነው ያለው። ስብሰባው ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ሥራ የሰው ስምና ቀን ይጻፍ። «ይደረጋል» የምትባል ቃል የሙት ልጅ ናት፣ ማንም አያሳድጋትም።

«ሌሎች ጉዳዮች» የሚባለውን የመጨረሻ ተራ ቁጥር ሰርዢው። እውነቱ የሚነገረው እዚያ ነው፤ ሰው ሁሉ ኮቱን እየደረበ ሳለ።

ደግሞ ከአፉ ይልቅ ወንበሩን እይ። ማን ወደ ማን ተጠጋ፣ ማን ወደ በሩ ዞረ። እኔ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ገብቼ የወንበሮቹን አቀማመጥ ሳይ የተወሰነውን አውቃለሁ። የጻፉትን ሳላይ።

ይህን ሁሉ ከነገርኩሽ በኋላ አንድ ነገር ልበልሽ፦ ስብሰባውን ሌላ ሰው ቢመራው ምናለበት? ወገብ አንቺም አለሽ።

እናትሽን ሰላም በያት፣ ሰላምታዬን የምትቀበል ከሆነ።

አጎትሽ


ኅዳር 1

ይድረስ ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። ስለ ወንበሩ ሥራ አላውቅም ነበር። ጀርባዎን ይጠብቅልዎ።

እንዳሉኝ እምቢ የሚለውን ለብቻው ላገኘው ምክትል ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። እርስዎ ሲሄዱ ገና ዕቃ ግምጃ ቤት ነበሩ አሉ። አሁን መሥሪያ ቤቱ «ተስማምተናል» ይላቸዋል፤ ንግግራቸው ሁሉ በእሱ ስለሚያልቅ። ልጃቸውን የዳሩ ዕለትም በዚያው ቃል ነው የመረቋት ይባላል።

«ስብሰባውን እያዘጋጀሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አጀንዳውን እየ…»

«አትድከሚ።» መሳቢያቸውን ሳቡ። «ቃለ ጉባኤው ይኸውልሽ።»

«የየትኛው ስብሰባ?»

«የአንቺ ነዋ።»

ሦስት ገጽ ነው ጋሼ። ታኅሣሥ 25 ቀን ተሰብስበን፣ ተወያይተን፣ ውሃው በአንድ ቀን እንዲሞላ በሙሉ ድምፅ ወስነናል። እኔ የመክፈቻ ንግግር አድርጌአለሁ፤ አጭርና ጥሩ ንግግር ነው፣ እኔ ከምናገረው ይሻላል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስማችን ተደርድሮ «የተገኙ» የሚል ርዕስ አለው። ሻይ ሲገባ ያ ገጽ ከትሪው ኋላ ይዞራል። ሰው በአንድ እጁ ብርጭቆ ይዞ በሌላው ይፈርማል። መገኘቱን የፈረመ ይመስለዋል። ገጹ ግን ከፊተኞቹ ሁለት ገጾች ጋር የተያያዘ ነው።

«ሰው ሌላ ሐሳብ ቢኖረውስ?» አልኳቸው። ድምፄ እንደ ትንኝ ነበር።

«ሐሳብ መልካም ነው። ሌሎች ጉዳዮች ላይ ይቀርባል። ተስማምተናል።»

ወጥቼ ግቢው ውስጥ አባ ቁልፍን አገኘኋቸው፤ የቫልቩን ቁልፍ ለሠላሳ ዓመት ወገባቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ሽማግሌ። ያየሁትን ስነግራቸው ገረሙኝ።

«አዲስ ነገር መሰለሽ? የአጎትሽ ጥበብ እኮ ነው! ዱሮ ለአንድ ፊርማ ሰው ወር ሙሉ ሲፈለግ ይከርም ነበር። አጎትሽ የመገኘቱን ገጽ ከቃለ ጉባኤው ጋር አያያዘና ገላገለን። ሽልማት ሁሉ ተሰጥቶታል፤ የግድግዳ ሰዓት።»

ሳቅ አልኩ፤ ሳቄ ግን ወዲያው ደረቀብኝ። በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቃለ ጉባኤ አለ፣ በእርስዎ የጽሕፈት መኪና። ውሃው በአንድ ቀን እንዲሞላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አባቴ፣ የግንበኞቹ አለቃ፣ ተራ ቁጥር ስድስት ላይ ፈርሟል። ከሥሩ የአጣሪ ኮሚቴው ሪፖርት አለ፤ «የግንበኞች አለቃው ራሱ የተስማማበት በመሆኑ» ብሎ ጥፋቱን እሱ ላይ ዘግቷል። ሞቶ ጥፋተኛ ሆነ።

ስለ አጀንዳ ልጠይቅዎ የነበረው ብዙ ነው። አሁን የምጠይቅዎ ይህን ብቻ ነው። አባቴ ሲፈርም በሌላ እጁ ብርጭቆ ይዞ ነበር?

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 23

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ሁለት አዳራሾች አዲስ ወንበር ገዙ፣ የሚታጠፍ ዓይነት፣ ጣት ይይዛል። አውራ ጣቴን ይዞኝ ነበር፣ ዳነ።

ስለ ስብሰባው ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ፤ የሻይ ሰዓት መሐል ላይ አይሁን፣ መጨረሻ ላይ ይሁን። ሰዓት ግድግዳ ላይ ካለ መሪው የሚያየው ቦታ ይሰቀል። የሚያረፍድን ሰው አትጠብቂ፣ አትገሥጪም።

ጥያቄሽን አይቼዋለሁ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጣትዎ በመዳኑ ደስ ብሎኛል።

ባለፈው ሐሙስ ከአባ ቁልፍ ጋር በብረት መሰላሉ ወደ ሁለት ቁጥር ወረድኩ። ጣሪያው ለጥገና ስለተነሣ ፀሐይ እስከ ወለሉ ይገባል። ውስጡ ንጹሕ ነው፣ አንድ የሞተች እርግብ ብቻ አለች። በትንሽ መዶሻ ግድግዳውን እየመታሁ ሄድኩ፤ አባቴ እንደዚያ ሲያደርግ አስታውሳለሁ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ እንደ ሐኪም። ድፍን፣ ድፍን፣ ድፍን። ማዕዘኑ ላይ፣ አሮጌውና አዲሱ ግንብ የሚገናኙበት፣ ድምፁ ተለወጠ። እንደ ባዶ ቆርቆሮ ያለ ድምፅ። አባ ቁልፍን አየኋቸው። እሳቸው እኔን ሳይሆን መሰላሉን ነበር የሚያዩት።

«ከዱሮም እንዲህ ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ ቫልቭ ነው የምከፍተው፣ ልጄ» አሉኝ። ቁልፋቸውን ጨብጠው ወደ መሰላሉ ሄዱ።

የሰማሁትን ለተስማምተናል ነገርኳቸው። አልተቆጡም። የሥራ ውሌ የሚታደሰው በጥር መሆኑን ያለ አንዳች ምክንያት አስታወሱኝ፤ ከዚያ ስለ እማዬ ጤና ጠየቁኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ይበልጥ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ለእማዬም ነገርኳት። ለጥቂት ሳምንት ቤቱን ልቀቂ አልኳት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን እንኳ አላቆመችም።

«አልሄድም።»

«እማዬ፣ ግድግዳው…»

«አባትሽ ግድግዳውን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። አውቆ ፈረመ፣ ፈርሞ ሞተ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ‹እያወቅክ እንዴት ፈረምክ? እኔንስ አላሰብክም?› ስለው ኖሬአለሁ። ከእሱ በላይ አዋቂ ሆነሽ እኔን ልታስነሽኝ?»

ጋሼ፣ ይህችን ሴት በሟች ላይ ተቆጥታ ስትኖር ያየኋት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አላዩም። እሷ እዚያ ቤት ውስጥ እያለች ማዕዘኑ ቢሄድ እኔ መሐንዲሷ ነኝ፣ ልጇ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈራሚዋ ነኝ። እየበላሁ አይደለም። ሰው በሩን ሲዘጋ እደነግጣለሁ።

ከእንግዲህ ስለ ስብሰባ ምክር አልጠይቅዎም። አባቴ በዚያ ስብሰባ ላይ የተናገረው ነገር ካለ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ምንም ካልተናገረም እሱኑ ይጻፉልኝ፤ ያኔ እኔም ልቤን አሳርፌ እፈርማለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

በፈጣን ፖስታ ነው የላክሁልሽ። እግዜር በሰላም ያድርስልሽ፤ ይህችን ስል ስለ ፖስታው ብቻ አይደለም።

በእጁ ብርጭቆ ይዞ ነበር። ስኳር ሁለት።

ቃለ ጉባኤውን የተየብኩት ከአንድ ቀን በፊት ነበር። ንጹሕ ሥራ ነበር፣ አንድ የፊደል ግድፈት አልነበረበትም፤ ሥራ አስኪያጁ አንብቦት «እንዲህ ነው ጸሐፊ» ብሎኛል። በማግስቱ ስብሰባው ሄደ ሄደና ሌሎች ጉዳዮች ጋ ደረስን። ሰው ሁሉ እየተነሣ ነበር። አባትሽ ብድግ አለና ተናገረ። እጄ ልማድ ሆኖበት ማስታወሻዬ ላይ ቀዳሁት። ዋናው ገጽ እነሆ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። እዚህ አገር ሦስት ቤት ስቀይር ሦስት ጊዜ ልጥለው አውጥቼ ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«የግንበኞች አለቃ፦ ማዕዘኑ ሲመታ ባዶ ይጮኻል። ውሃው ሩብ በሩብ ይሞላ፣ በየሩቡ ሦስት ቀን ይጠበቅ። ሥሩ ያሉት ቤቶች እስኪታይ ይነሡ። ይህ ካልሆነ አልስማማም።»

ሦስት ቀን ብለሽ ስትጽፊልኝ ከየት አመጣችው ብዬ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ከመጽሐፍ ነው ያገኘሽው። እሱ መጽሐፍ አልነበረውም።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ። «አንድ መስመር ልጨምር ነበር» አልኩት። ሰዓቱን አየና «ተፈርሟል እኮ» አለኝ። «እሺ» አልኩ። በቃ። ማንም አልጮኸብኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። አንድ ሰው ሰዓቱን አየ፣ እኔ ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ አባትሽ ደረጃው ላይ አገኘኝና «ያልኩትን ጻፍከው?» አለኝ። «ጻፍኩት» አልኩት። ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለኋ። «እንግዲያው ደህና» አለኝና ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ። የሙሌቱ ዕለት «ማዕዘኑን ጠብቅ» ሲሉት ሩብ የሚለቀቅ መስሎት ነው የቆመው። ወንድሙ ጽፎታላ።

አጣሪ ኮሚቴው ጠርቶ «ሌላ የተባለ ነገር ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላስታውስም» አልኩ። በዓመቱ አገር ለቀቅኩ።

ገጹን ተጠቀሚበት። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ የማን እጅ እንደሆነ አትናገሪ። ለእናትሽም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ገና አልደረስኩበትም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 26

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን አሉ? ስብሰባው ትናንት ተደረገ። እንደ ደንቡ ሪፖርት ላቅርብ፤ ለማን እንደማቀርብ ስላጣሁ ለእርስዎ አቀርባለሁ።

አዳራሹን ተውኩት። ጥሪው ላይ «ቦታ፦ ሁለት ቁጥር፣ ውስጡ» ብዬ ጻፍኩ። አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር በገመድ አወረድን። ከማዕዘኑ ሥር ግድግዳውን አስጠግቼ በክብ ደረደርኳቸው፣ እርስዎ ቢያዩት የሚያፍሩበት ክብ አይደለም። ተስማምተናል በቆዳ ጫማቸው መሰላሉን ሲወርዱ ሁለት ሰው ከሥር፣ አንድ ሰው ከላይ ይዟቸው ነበር። ሻይ ማውረድ አልተቻለም።

ተቀመጥን። ልጀምር አፌን ስከፍት የማዕዘኑ ግድግዳ ጀርባው ላይ የነበረው ሒሳብ ሹም ወንበሩን በትንሹ ወደፊት ሳበ። ፀሐይ አስቸግሮት መሰለኝ። ቀጥሎ ዕቃ ግዢው ሳበ። ማንም ምንም ሳይል፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ፣ ሰው ሁሉ ወንበሩን ሲጎትት ክቡ ከግድግዳው ተላቆ መሐል ወለል ላይ ተኮማተረ። ጉልበት ለጉልበት ተነካካን። ባዶ ማጠራቀሚያ ማንንም አይገድልም፤ ይህን የማያውቅ አንድም ሰው እዚያ አልነበረም። ተስማምተናልም ሳቡ። አየኋቸው፣ ማየቴን አዩ።

ቁጭ እንዳልኩ መራሁ። ምላሴ ሲተሳሰር ማስታወሻውን ከኪሴ አወጣሁና አነበብኩት፤ ማንበብ ከመናገር ይቀላል። «ማዕዘኑ ሲመታ ባዶ ይጮኻል» ከሚለው ላይ ስደርስ አባ ቁልፍ ሳይጠየቁ ተነሡና መዶሻዋን ይዘው ሄደው ማዕዘኑን መቱት። አንድ ጊዜ። ማጠራቀሚያ ውስጥ ድምፅ እንዴት እንደሚያስተጋባ ያውቃሉ። ሌላ ክርክር አላስፈለገም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አስፈልጎ ነበር።

«ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?» አሉ ተስማምተናል።

«የዚያን ጊዜው ስብሰባ ማስታወሻ ነው።»

«ማን ጻፈው ነው ያልኩሽ።»

ልመናዎን አስቤ ስም ሳልጠራ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ባለቤት የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም» አሉ። «ተስማምተናል?»

በጥያቄ ሲሉት የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ያን ጊዜ አባ ቁልፍ ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው በክቡ መሐል ወለሉ ላይ አኖሩት።

«ቫልቩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ሩብ ከሆነ እከፍታለሁ። በአንድ ቀን ከሆነ ግን ቁልፉ ይኸው፣ የፈለገ ያንሣው። የዚያን ጊዜም የከፈትኩት እኔ ነበርኩ።» ከዚያ ቁጭ አሉ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አይተው ያውቃሉ? ምንም ድምፅ የለውም።

ቁልፉን የሚያነሣ አልተገኘም። ሩብ በሩብ እንዲሞላ፣ በየሩቡ ሦስት ቀን እንዲጠበቅ፣ ማዕዘኑ አስቀድሞ እንዲፈተሽ፣ ቤቶቹ እንዲነሡ ተወሰነ። ለእያንዳንዱ ሥራ ስምና ቀን አለው። የመገኘቱን ፊርማ በብጣሽ ወረቀት ለብቻው አስፈረምኩ፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ተስማምተናል ግን አንድ ነገር አስመዘገቡ፦ ማስታወሻውን የጻፈው ሰው እስከ ጥር 25 በፊርማው ካላረጋገጠ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። ከሕጉ አንጻር ልክ ናቸው፣ ምን ልበላቸው። የውሌ እድሳትም እስከዚያው ታግዷል።

ለእማዬ የአባቴን ቃል ብቻ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። «አልስማማም ብሎ ነበር?» አለች። «ብሎ ነበር» አልኳት። ተነሥታ ድስቶቿን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። «ሩብ በሩብ ካለ እንነሣለን» አለች። ጥቅልሉ ላይ እንዳጎነበሰች ደግሞ፦

«የጻፈው ሰው በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃል?»

ቃለ ጉባኤውን ልኬልዎታለሁ፣ ከስብሰባው በኋላ የተጻፈ ነው። በተራ ቁጥር አራት «የግንበኞች አለቃው ተቃውሞ የወቅቱ ጸሐፊ በመዘንጋቱ ሳይመዘገብ ቀርቷል» ብዬአለሁ። ከዚህ የሚለዝብ ቃል አላገኘሁልዎትም። ከሥሩ ባዶ መስመር ትቻለሁ። የእኔ ሥራ፣ የእማዬ ቤት፣ የአባቴ ስም፣ ሁሉም እዚያች መስመር ላይ ነው። ፈርተው ቢተዉትም ይገባኛል፤ እኔም ፈሪ ነኝ፣ የማን ዘር ነኝ ብዬ?

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 8

ይድረስ ለወይዘሮ ለምን፣

ጤና ይስጥልኝ ለአንቺም፣ ድስቷን ለጠቀለለችው እናትሽም፣ ለአባ ቁልፍም።

ቃለ ጉባኤሽን አነበብኩት። መልካም ሥራ ነው። ሁለት የፊደል ግድፈት አለበት፤ ተይው፣ ከስብሰባ በኋላ የተጻፈ መሆኑ በእሱ ይታወቃል።

አንድ እርማት አለኝ። በተራ ቁጥር አራት «በመዘንጋቱ» ብለሻል። ልክ አይደለም። ያን ቃል ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለኮሚቴው ተናግሬዋለሁ፣ ሁለተኛ ጊዜ አይጻፍ። ሰርዤ ከላዩ «በመፍራቱ» ብዬ በእጄ አስገብቻለሁ፤ ስርዙ አጠገብ ፈርሜአለሁ። አሁን መዝገቡ ከሆነው ጋር ይስማማል።

ባዶው መስመር ላይም ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጽፌ ፈርሜአለሁ። ለእናትሽ አንብቢላት። ሰላምታዬን አታድርሺ፣ ገጹን ብቻ አንብቢላት።

የፈረምኩት አዳራሽ ቁጥር ሦስት ውስጥ ነው፣ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ፣ ከተበታተኑት ወንበሮች አንዱ ላይ። የፊርማዬ ጅራት ተንቀጥቅጧል፣ ታይዋለሽ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ሻይ ቀርቦ ነበር፤ አስቀመጥኩት። ስፈርም በሌላው እጄ ምንም አልያዝኩም።

አጎትሽ